መኪናው ስንት ጣት ከፍ ይበል?

ፀሐይ አናት ላይ ስትቆም ያቺ ከተማ በእንቅልፍና በንቃት መካከል የምትዋልል ትመስላለች። አስፋልቱ አልቆ አሸዋው በሚጀምርበት ጫፍ ላይ ሙቀቱ ከመሬት እየተነነ የሩቁን ኮረብታ ከሥሩ ቆርጦ አየር ላይ ያንሳፍፈዋል። በዚያ ሰዓት ከቤቱ የሚወጣ ሰው ወይ የታመመበት ነው፣ ወይ ሐሳብ እንቅልፍ የነሳው ነው። ሽማግሌው ሾፌር ሁለቱም ነበረባቸው።

የከተማው ሰው “ግመሌ” ይላቸዋል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰውና ዕቃ ጭነው በረሃውን ሲያቋርጡ ስለኖሩ፣ ደግሞም ውሃ በበርሜል ሳይዙ ጎረቤት ለመጠየቅ እንኳን ስለማይነሡ የወጣላቸው ስም ነው። እሳቸውም አይከፉበትም። የዚያን ቀን መኪናቸውን እያስጓሩ የወዳጃቸው የብረት በያጁ ጋራዥ ደጅ አቆሙና ሻሻቸውን አስተካክለው ገቡ።

በያጁ ግን አልነበረም። በቆርቆሮው ጣሪያ ላይ ምስማር የበሳቸው ቀዳዳዎች ፀሐይን እያንጠባጠቡ ወለሉን በቀን ኮከብ ሞልተውታል። በዚያ ኮከብ መካከል አንዲት ሴት ልጅ በቱታ ተንበርክካ ብሎን ትፈታለች።

“አባዬ የለም፣ አባባ። እኅቱ ታማበት ሊጠይቃት ሄዷል። ይግቡ፣ ከፀሐይ ይጠለሉ” አለች ተነሥታ።

ግመሌ ትኩር ብለው አዩዋት። “አንቺ ያቺ ጥርሰ ወላቃዋ ነሽ እንዴ?”

“ጥርሱ በቅሎልኛል፣ አባባ” አለችና ሣቀች።

ልጅቷ የመኪና ሙያ ትምህርት ቤት ገብታ መማሯን ሰምተው ነበር፤ ተመርቃ መመለሷን ግን አላወቁም። ከበርሜል ላይ ተቀመጡና ለአባቷ የሚነገር መልእክት ሰጧት። ሲመለስ መኪናቸውን አንድ ስንዝር ተኩል ከፍ እንዲያደርግላቸው ነው። ልጅቷ ደግሞ መልእክት ተቀብላ ዝም የምትል ሰው አይደለችምና ምክንያቱን ጠየቀች።

ምክንያቱ ባለቤታቸው ነበሩ። ሴትየዋ ባለፈው ዓመት ከደረጃ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሯል። የጠገናቸው ሐኪም ያለው ከበረሃው ማዶ ነው። “አጥንቱን ተመልሼ ካላየሁት፣ ወደፊት በእግርዎ ለመቆምዎ ዋስትና የለኝም” ብሏቸዋል። ነገር ግን ባለፈው ጉዞ መኪናው ሲነጥር በሥቃይ ራሳቸውን ስተው ነበር። ቤታቸው እንደገቡ፣ “እግሬ ይቅርብኝ እንጂ እዚያ መኪና ውስጥ ሁለተኛ አልተኛም” ብለው ምለዋል። ሴትየዋ ደግሞ ከማሉ ማሉ ናቸው።

“የመኪናው ሆድ ድንጋይ እየነካ ነው እንዲህ የሚያነጥራት” አሉ ግመሌ። “ከፍ ካለ አይነካም። ከፍ ያለ መኪና ነው የበረሃ መኪና። እኛ ድሮ ስንለካ፣ በቀትር ሾፌሩ ሻሹን እንደጠመጠመ ከመኪናው ሆድ ሥር ቀና ብሎ ከተቀመጠ፣ ያ መኪና ለበረሃ ደረሰ እንል ነበር። ጥላውም ቤት ነው፣ ከፍታውም ክብር ነው።”

ልጅቷ ይህን በፈገግታ ሰማች። ጥላ ለሚፈልግ ሰው አንድ ሸራ ከመኪናው ጎን ዘርግቶ በሁለት እንጨት ቢወጥር እንደሚበቃው፣ መኪናው ግን ቤት ሆኖ ከመቆሙ በፊት መሄድ እንዳለበት በትሕትና ተናገረች።

“ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ አሉ” አሉ ግመሌ። “በረሃውን መች አቋርጠሽው ታውቂያለሽ? ግመልን እዪ። አሸዋውን የገዛው ረጅም ስለሆነ አይደለም?”

“በረሃውን አላቋረጥኩም፣ እውነትዎን ነው። ግመሉ ግን ረጅም ብቻ አይደለም፣ አባባ። ጉልበቱ ይታጠፋል፣ መዳፉ ይለሰልሳል። ያው ረጅም ግመል እግሩ ድፍን እንጨት ቢሆን ይጭኑት ነበር?”

ግመሌ መልስ ያጣ ሽማግሌ እንደሚያደርገውም ሻይ ጠየቁ።

ሻዩ እስኪፈላ ልጅቷ በክሪክ መኪናውን አንሥታ ከሥሩ ገባች። ያየችው ነገር አባቷን እንድትታዘበው የሚያደርግ ነበር። ባሌስትራው፣ ማለትም ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያገናኙት፣ እንደ ቅጠል የተደራረቡት ቀጫጭን ብረቶች፣ ከሠሪው ሲወጡ ከነበሩት እጥፍ ሆነዋል። ግመሌ “መታኝ” ባሉ ቁጥር በያጁ አንድ ቅጠል ይጨምራል፤ “አሁንም መታኝ” ሲሉ ከመካከሉ ድፍን ብረት ያስገባል። ሁለቱ ወዳጆች እንዲህ ሲረዳዱ ኖረው ባሌስትራውን ምሰሶ አድርገውታል።

“ከፍ ማድረጉ ሁለት ዓይነት ነው” አለች እጇን እየጠረገች። “አንደኛው ድፍን ብረት እያስገቡ መቆለል ነው። ያ ቁመት ይሰጣል፣ ጎማው ግን ድንጋይ ሲያገኝ የሚወጣበት፣ ጉድጓድ ሲያገኝ የሚወርድበት ቦታ አይጨምርለትም። ድንጋዩን የሚቀበለው የተኛው ሰው ወገብ ይሆናል። ሁለተኛው ለጭነቱ የሚመጥን አዲስ ባሌስትራና ረዘም ያለ ሾክ መምረጥ ነው። ባሌስትራው ይቀበላል፣ ሾኩ ደግሞ መናጡን ያበርዳል። ከፍታው ትንሽ ነው፣ እረፍቱ ግን ብዙ ነው።”

“ትንሽ ስንት ነው?”

“አራት ጣት።”

ግመሌ አራት ጣታቸውን አጋጥመው አዩዋቸው። ይህን ያህል ለመኪና ቀርቶ ለጫማ ተረከዝም እንደማይበቃ ተናገሩ። ከዚያም እውነተኛ ፍርሃታቸውን አወጡ፤ መኪና ካልናጠ ሾፌር ይተኛል፣ በበረሃ የተኛ ሾፌር ደግሞ አይነቃም። መናጡ ጠባቂ ነው፤ ወገብ መሬቱን የሚያነበው በመናጡ ነው። ልጅቷም ሾፌርን የሚያስተኛው ድካም እንደሆነ፣ ድካሙንም የሚያመጣው ይኸው ቀኑን ሙሉ ሲናጥ መዋል እንደሆነ መለሰች። ክርክሩ እንዲህ ሲመላለስ ሻዩ ቀዘቀዘ፣ የወለሉም ኮከቦች ቀስ እያሉ ወደ ግድግዳው ተሻገሩ።

በመጨረሻ ልጅቷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ አንድ ነገር ጠየቀች።

“አባባ፣ እማማ በሚተኙበት ቦታ ተኝተው ያውቃሉ?”

አያውቁም ነበር። አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። የአሸዋ ሾፌሮች ልማድ ነው፤ በሕይወት እያሉ መሪያቸውን ለሌላ አይሰጡም። ስለዚህ ዕድሜ ልኩን ሰው ጭኖ የኖረ ሾፌር ራሱ ተጭኖ መሄድ ምን እንደሆነ ሳያውቅ ያረጃል። ልማዱ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ከጥንቃቄ የመጣ ነው። ነገር ግን ጥንቃቄም ሲያረጅ ዓይኑ ይፈዝዛል።

ግመሌ ቁልፉን በእጃቸው ሲያገላብጡ ቆዩ። ስለ ባለቤታቸው ባይሆን ኖሮ በያጁ ራሱ መጥቶ ቢለምናቸው እንኳን አይሰጡም ነበር። ሰጧት። ከኋላ ባለው ቀጭን ፍራሽ ላይም ሻሻቸውን ሳይፈቱ ተጋደሙ። ፍራሹ የሚስታቸው መታሻ ቅባት ይሸታል።

ልጅቷ ከጋራዡ ጀርባ ወዳለው ደረቅ ወንዝ ይዛቸው ወረደች። ቀስ ብላ ነበር የነዳችው፤ ይህን ኋላም መሰከሩላት። ከተጋደሙበት በመስኮቱ የሚታየው ሰማይ ብቻ ነው፤ ነጭ፣ ጠርዝ የሌለው፣ በላዩ የሚዋኙ የሚመስል ሰማይ። እንደ ሕልም ደስ ሊላቸው ሲል ድንጋዩ መጣ። ከዚያ ሌላው መጣ። እሳቸው እኮ መሪ ላይ ሲቀመጡ ድንጋዩን ከሩቅ ያዩታል፤ ሳይደርስ ወገባቸው ይዘጋጃል፣ እጃቸውም ይጠብቃል። እዚህ ግን መምታቱ እንጂ መምጣቱ አይታወቅም። ጤነኛ ወገባቸው እያቃሰተ፣ የተሰበረ ዳሌ በዚህ ላይ ቀኑን ሙሉ እንዴት እንደዋለ አሰቡ። ደግሞም የመኪናው ሆድ ምንም ድንጋይ እንዳልነካ በጆሯቸው ሰሙ።

“በቃሽ ልጄ” አሉ።

ወገባቸውን ደግፈው አሸዋው ላይ ወረዱ። ከዚያ ሻሻቸውን ነካ አድርገው፣ “ከመጠምጠም መማር ይቅደም ያሉት ለእኔ ኖሯል” አሉ። “እሺ፣ አሁን ምረጭልኝ።”

መምረጡ ግን የአንድ ሰው ሥራ አልሆነም። ልጅቷ የውሃውን በርሜል፣ ነዳጁንና ዕቃውን ሁሉ ገምታ ወፍራሙን ባሌስትራ ልታዝ ነበር። ግመሌ አቋረጧት።

“ስንሄድ ነው እንጂ ሙሉ ነን። ውሃው ይጠጣል፣ ነዳጁ ይቃጠላል፣ ዕቃው ማዶ ይራገፋል። ስንመለስ ባዶ ነን፤ ወፍራም ባሌስትራ ደግሞ ባዶ ሲሆን ይነጥራል። ሐኪሙ አጥንቷን ነካክቶ በሚመልሳት ቀን በወፍራሙ ላይ ልታስተኚያት ነው?”

ልጅቷ እርሳሷን አስቀመጠች። አላሰበችውም ነበርና አላሰብኩትም አለች። ከዚያ በኋላ የሁለቱ ንግግር መከራከር ቀርቶ መመካከር ሆነ። መካከለኛውን ባሌስትራ መረጡ። ከጣሪያ ላይ የነበሩት በርሜሎች ወርደው በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል ወለሉ ላይ እንዲታሰሩ ተስማሙ፤ ከላይ የከበደ መኪና የአሸዋ ክምር ጎን ላይ መገልበጥ ይቀለዋልና። በስንዝር ተኩል ከፍታ ኃይሉን ለኋላ ጎማ የሚያደርሰው ዘንግ ያለ ልክ ዘንበል ብሎ እንደሚበላ፣ የፍሬኑም ቱቦ እንደሚወጠር ልጅቷ በእጇ እያስነካች አሳየቻቸው። በአራት ጣትም ቢሆን ቱቦውንና የመሪውን አቅጣጫ ማየት ግድ ነው። እሳቸው በበኩላቸው አሸዋ ሲገቡ የጎማውን ንፋስ ምን ያህል እንደሚቀንሱ፣ ጠጠር ሲደርሱ እንዴት እንደሚመልሱ ነገሯት። ይህን በትምህርት ቤት አንድ ቀን ተምራው ነበር፤ የጎማው ጎን በመዳፍ ሲዳሰስ ምን ማለት እንደሆነ ግን ያሳዩዋት እሳቸው ናቸው።

በያጁ ሲመለስ ከመኪናው የወጡትን ብረቶች ከግድግዳው ሥር ተከምረው አገኛቸው። ብዙ አያቸው። “እኔ ስጨምር የኖርኩትን አንቺ በአንድ ሳምንት ቀነስሽው” አለ። ሾኩን ስታስር ግን ክሪኩን የያዘላት እሱ ነው።

የቀሩት ሴትየዋ ነበሩ። ባላቸው ስለ ባሌስትራና ስለ ሾክ ያስረዷቸውን ሁሉ በትዕግሥት ሰምተው፣ “መኪናህን እንዳሻህ ስትነካካ ኖረሃል፤ መሐላዬን ግን አትንካብኝ” አሉ። በመጨረሻ ግመሌ ያልተጠበቀ ቃል ተናገሩ። እዚያ ፍራሽ ላይ ተኝተው ማየታቸውን ነገሯቸው።

“አንተ? ማን ነድቶ?”

“የበያጁ ልጅ።”

ሴትየዋ አስፋልቱ እስከሚያልቅበት ድረስ ብቻ ለመሄድ ተስማሙ። ካመማቸው ይመለሳሉ፤ ቃል ተገባ።

በማለዳ ተነሡ። አስፋልቱ አለቀ፤ ከኋላ ምንም ድምፅ አልመጣም። ግመሌም አልጠየቁም። ፀሐይዋ ከአሸዋው ጫፍ እየወጣች ምድሩን ሁሉ የማር ቀለም ቀባችው፤ የአሸዋው ሞገዶች አንዱ በሌላው ላይ እየተኙ የሚተነፍሱ ይመስሉ ነበር። ጎማዎቹ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ፤ መኪናው ግን ከላያቸው እንደ ጀልባ ይንሳፈፋል። ግመሌ በክምሩ ጎን ሲያልፉ መኪናው እንደ ወትሮው ወደ ገደሉ አላዘነበለም። ሁልጊዜ በዚህ ሰዓት የሚደነዝዙት ክንዶቻቸው ዛሬ ገና መንገድ ያልጀመሩ ይመስላሉ፤ ዓይናቸውም ጠርቷል። ሰው አዲስ ነገር የሚጠላው ጥቅሙን ቆጥሮ ሳይሆን አሮጌውን ለምዶ መሆኑን ያን ጊዜ ለራሳቸው ተናገሩ። ክብር በቁመት ቢሆን ኖሮ፣ አሉ በልባቸው፣ የቴሌ ምሰሶ ንጉሥ ይሆን ነበር።

ጠጠሩ ሜዳ ላይ ደረሱ። ባለፈው ሴትየዋ ራሳቸውን የሳቱት እዚህ ነበር። ግመሌ መሪውን ጠበቅ አድርገው ያዙ። ከኋላ ዝም አለ። ዝምታው ሲበዛ ፈሩ፤ ሌላ ጊዜ ቢያንስ ያቃስታሉ። በመስታወቱ ለማየት ደፈሩ።

ሚስታቸው አንድ እጃቸውን ጉንጫቸው ሥር አድርገው፣ አፋቸውን ትንሽ ከፍተው ተኝተዋል። በዚያ ሁሉ ዘመን በግመሌ መኪና ውስጥ ሰው እንቅልፍ ሲወስደው የዚያን ቀን የመጀመሪያው ነበር። ሽማግሌው መኪናውን ሳያፈጥኑም ሳያቀዘቅዙም፣ ትንፋሻቸውን ውጠው ነዱ።

ጠጠሩ ከኋላ ቀርቶ የማዶው ከተማ በሙቀቱ ጭጋግ ውስጥ እንደ ውሃ ሲብለጨለጭ፣ ሴትየዋ ዓይናቸውን ገለጡ።

“ለምን ቆምን?” አሉ።

“አልቆምንም” አሉ ግመሌ።

ሴትየዋ በመስኮቱ የሚያልፈውን አሸዋ ጥቂት አዩና ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው ሳቡ።

“እንግዲያው ንዳ” ብለው ተመልሰው ተኙ።