የተዘጋው ፋብሪካ አፈር

ምላሳቸው ስለሚቆርጥ ጎረቤቱ «እማማ መጋዝ» ይላቸው ነበር። ሰፈሩ በጨረር ተበክሏል ተብሎ ሁሉም ቤቱን እየዘጋ ሲሄድ ግን፣ እሳቸው ቀሩ፤ የሚሰድቡትም ሰው አጡ። አንድ ጠዋት ደጃፋቸውን ሲጠርጉ፣ ቀጭ ቀጭ የሚል መሣሪያ የያዘች ወጣት አጥራቸውን ታክካ ስትሄድ አዩ።

«ምን ጠፋሽ ልጄ? ዶሮ ነው?»

«የጨረር ተቆጣጣሪ ነኝ እማማ፤ ከመንግሥት ነው የመጣሁት። ጨረሩን ያመጣው የተዘጋው ፋብሪካ አፈር እርስዎም ግቢ ሳይኖር አይቀርም፤ ካለ ቆፋሪዎች አምጥተን እናነሣዋለን።»

«አለ እንጂ! ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በጋሪ እያመላለሰ ጓሮውን ደልድሎበታል። ፋብሪካው ‘በነጻ ውሰዱ’ ሲል መንግሥትሽ የት ነበር? ተኝቶ?»

«ተኝቶ ነበር።»

እማማ መጋዝ መጥረጊያቸውን አቆሙ። ሰበብ ሲጠብቁ እውነት መጣባቸው።

«አሁን ማን ቀሰቀሰው ታዲያ? እኔ እንደሁ ይኸው በጤናዬ አለሁ።»

«እንኳንም አሉ። ጨረር ግን አይታይም፣ አይሸትም፤ አንዱን ትቶ ሌላውን ይጎዳል። በልጅ ደግሞ ይብሳል።»

ይህቺ ቃል ወጋቻቸው። ሴት ልጃቸው «አፈሩ ካልተነሳ ሕፃኗን ይዤ አልመጣም» ካለች ወዲህ የልጅ ልጃቸውን አላዩም። «ለአፈር ብላ እናቷን ተወች» ብለው አኩርፈዋል። ማኩረፍም ደስ የሚለው፣ ቤት ውስጥ ኩርፊያውን የሚያይ ሰው ሲኖር ነው።

«ቆፋሪዎቹ ላይ ላዩን ጭረው ቢሄዱስ?»

«ሳልለካ አይሄዱም። ያነሡትንም የሌላ ሰው ደጅ አይደፉትም፤ በታጠረና በሚጠበቅ ቦታ ይቀበራል።»

«አንቺንስ ማን ይቆጣጠርሻል?»

«እርስዎ።»

«ፊደል አልቆጠርኩም እኮ!»

«ጆሮ አለዎት አይደል? ይስሙት።»

መሣሪያውን ተቀብለው ወደ ጓሮ ዞሩ። ደጃፉ ላይ ቀስ ይል የነበረው ድምፅ፣ ባላቸው «ልጆች ይጫወቱበታል» ብለው የደለደሉት ቦታ ሲደርስ በቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ በረዶ ተንጣጣ። እማማ መጋዝ መሣሪያውን መለሱላት።

«ደግ የሠራ መስሎት ነው» አሉ።

«ማን ነገራቸውና?»

«በይ አስቆፍሪው። እኔም በርጩማዬን አውጥቼ አያለሁ፤ አንዲት አካፋ ቢያስቀሩ ወየውላቸው!»

ተቆፈረ፤ ንጹሕ አፈር ተሞላ፤ በየጥጉ ተለካ፤ መሣሪያውም ረጋ አለ። ዓይን የማያየውን ክፉ የሚለካ፣ የለካውንም የማይደብቅ ተቆጣጣሪ ሲኖር፣ ሰው ልጁን በገዛ ግቢው ሳይፈራ ያስድሃል፤ የሄደውም ይመለሳል። እማማ መጋዝም ይህን አመኑ፤ ጮክ ብለው ባይናገሩትም።

ወጣቷ ልትሰናበት ስትል ፊታቸውን አዞሩ።

«ለልጄ ደውዪላት።»

«እርስዎ ቢደውሉላት አይሻልም?»

«እኔ ለምኜ አላውቅም። አንቺ የመንግሥት ሰው ነሽ፤ ግቢው ንጹሕ ነው በያት፣ በቃ። እናትሽን ናፍቀሻታል ምናምን እንዳትያት።»

መጥረጊያቸውን አነሡና፣

«ከጠየቀችሽ ግን አትዋሺ» አሉ።