ከዋይፋያችን የወጡት ጎረቤቶች

ልጄ ፈቲያ ሳቢያን ሰፈር ባለው ቤታችን ሆና በቪዲዮ የሥራ ቃለ መጠይቅ ልታደርግ ግማሽ ሰዓት ሲቀራት ኢንተርኔቱ ተንቀራፈፈ። እኔ ዱዓ ሳደርግ እሷ ስልክ ሠሪውን ሙክታርን ጠራችው። አየት አደረገና፣ «አባ ፈቲያ፣ ሃያ ስልክ ገብቶበታል። ፓስወርዱን ለማን ሰጡት?» አለኝ።

«ለጠየቀኝ ሁሉ። ጎረቤት እምቢ ይባላል እንዴ?»

«አቦ ልቀይረውና ይገላገሉ።»

«ነገ መስጊድ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?» ብዬ በየበሩ ዞርኩ፤ ለአንድ ሰዓት እንዲያጠፉልኝ ለመንኳቸው። ሁሉም አጠፉ። ያለ ኢንተርኔት ምን ይሥሩ፣ ተከትለውኝ መጡና ከፈቲያ ኋላ እጃቸውን ለዱዓ ዘርግተው ቆሙ።

ጠያቂው ሰውዬ፣ «ከኋላሽ ያሉት እነማን ናቸው?» አላት።

«ኢንተርኔቱን የለቀቁልኝ ጎረቤቶቻችን ናቸው» አለችው።

ሰውየው ሳቀ። አልሐምዱሊላህ፣ ሳቁ አንዴም ሳይቆራረጥ ደረሰን።