ራሱ አውራጅ፣ ራሱ ተቀባይ

ከሲቀላ ወደ ጨንቻ በሚወጣ ሚኒባስ ውስጥ ነኝ። ከፊቴ የተቀመጠች ወጣት በስልኳ ዘፈን ከፍታለች። አጠገቧ ያሉት ሽማግሌ ጆሯቸውን አስጠጉ።

«ይሄ የኛ የዶርዜ ዜማ ነው። ጊታር ምን አገባው?»

«አዲስ አልበም ነው አባባ። ‹ጎረቤቶቹ› ይባላል። የልጁ የመጀመሪያ ሥራ ነው።»

«ዜማውን የሚመራውን፣ አውራጁን አወቅኩት፣ የሰፈሬ ልጅ ነው። የሚቀበሉት እነማን ናቸው?»

«የሚቀበለውም እሱ ነው። አንዱን ድምፅ ይቀዳና ሌላውን ይደርብበታል።»

«ራሱ አውርዶ ራሱ ይቀበላል?»

«አዎ።»

«ሰው ለራሱ ይቀበላል እንዴ?»

«እኔ እንጃ። ብቻውን ነው የሠራው ይላሉ።»

ሽማግሌው በጣታቸው ወደ ስልኩ አመለከቱ።

«እስቲ ይቺን ወፍራሟን ድምፅ መልሺልኝ።»

መለሰችላቸው።

«ይቺ የኔ ናት።»

«እርስዎም ዘፍነዋል?»

«አልዘፈንኩም። ግን ድሮ ሰርግ ላይ በዚች ድምፅ የምቀበለው እኔ ነበርኩ። ልጁ አጠገቤ ቆሞ ነው የለመዳት።»

«ታዲያ ለአልበሙ አልጠራዎትም?»

«ቤቴ ድረስ መጥቶ ነበር። ጌታን ከተቀበልኩ ወዲህ ዘፈን ትቻለሁ አልኩት።»

«ሌሎቹስ ጎረቤቶች?»

«እነሱም እንደኔ ነው ያሉት። እኛ እንቢ ካልን እኮ ነገሩ የቀረ መስሎኝ ነበር።»

ዘፈኑ ቀጠለ፤ ከሥሩ አንድ ወፍራም ድምፅ ከሽማግሌው በኩል ተጨመረ።

«አባባ፣ እየተቀበሉት ነው እኮ።»

«ማን? እኔ?»

መውረጃዬ ከጨንቻ በፊት ያለው ዶርዜ ነበር፤ ጨንቻ እስክንገባ ድረስ ወራጅ አላልኩም።