ያልነበሩት ሁለት መስኮቶች

ክቡራትና ክቡራን፣ የጤና ጣቢያችን ሠራተኞች፤

ሰባ አንድ ዓመቴ ነው። ሸሚዜን ራሴ አጥባለሁ፣ ሽሮዬን ራሴ እሠራለሁ፣ ከቤቴ እስከዚህ በእግሬ እመጣለሁ፤ የታክሲ ሰልፍ ላይ የቆመውን ወጣት ሁሉ ቀድሜ እደርሳለሁ። ዱላ አልያዝኩም፤ አልይዝምም። የቃሬዛውን አንድ ጫፍ ያዝ ብትሉኝ ዛሬም እይዛለሁ። ይህን ወረቀት የጻፍኩትም ራሴ ነኝ። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ የለቀምኳት ፊደል ሁለት ሳምንት ፈጅታ እዚህ አደረሰችኝ። ሉቃስ ከካርድ ክፍል፣ "አምጡ ጋሼ፣ በኮምፒዩተር ላሳምርልዎት" ብሎኝ ነበር። ካማረ የኔ መሆኑ ይቀራል ብዬ እንቢ አልኩት።

ስለ ምሳው እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስለ ጃንጥላውም። ሃያ ስድስት ዓመት በር ላይ ዝናብ ሲደበድበኝ የት እንደነበረ የማይታወቅ ጃንጥላ፣ ጡረታ ወጥቼ ቤቴ ልገባ ስል መጣልኝ። ሳቁ፣ ሳቁ። በኋላ አትስቁም።

እኔ ዘበኛ ነኝ። የእናንተን ትምህርት አላውቅም። በር ላይ የቆመ ሰው ግን የሚገባውን ያያል፤ የሚወጣውን ያያል። ሲመላለስ የነበረ ሰው መምጣት ያቆመ ዕለትም ያውቃል። እናንተ ድኖ ነው ትላላችሁ። እኔ በለቅሶው ድንኳን በኩል አልፌ ነው ወደ ሥራ የምመጣው።

በካርዱ ላይ አንዲት ገጽ አለች። "የኑሮ ሁኔታ" ትላለች። ውሃ ከየት ትቀዳላችሁ፣ በአንድ ክፍል ስንት ሆናችሁ ትተኛላችሁ፣ ምን ትሠራላችሁ፣ ቤታችሁ መስኮት አለው ወይ። ሲስተር ማህሌት በደህናው ጊዜ አንድ በአንድ ትጠይቅ ነበር። አሁንስ? ሰልፉ እስከ በሬ ይደርሳል፣ ነርሷ አንዲት ናት። ትኩሳት ይለካል፣ ገጿ ላይ "ደህና" ይጻፋል፣ "ቀጣይ!" ይባላል። አልፈርድባችሁም። ቢጠየቅስ ሰው እውነቱን ይናገራል? እኔ ራሴ ተናግሬያለሁ?

ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ባለቤቴ ሥርጉት፣ ነፍሷን ይማርና፣ ለማረሚያ ቤት ጠያቂዎች ምግብ እየሠራች ትሸጥ ነበር። የምታበስለውም የምንተኛውም በአንዲት ክፍል ነው፤ ከሰሉ እዚያው፣ ጢሱ እዚያው። ሳል ያዛት። ወደዚህ ይዣት መጣሁ። የደንብ ልብሴን ለብሻለሁ፤ ኮፍያዬም በራሴ ላይ ናት።

"እትዬ ሥርጉት፣ ቤታችሁ መስኮት አለው?" አለች ሲስተር ማህሌት።

የተጠየቀችው እሷ ናት። እኔ ቀደምኩ። "እንዴታ! ሁለት መስኮት!"

ሥርጉት ዞር ብላ አየችኝና ሳለች። ሲስተር ጻፈች። ሽሮፕ ተሰጠን። በሩ ጋ ስንደርስ፣ "አጥናፉ፣ ሁለቱን መስኮቶች የት ነው የሰቀልካቸው?" አለችኝ። ሳቅን። ሳቋ አለቀና ሳሉ ቀጠለ።

በሁለተኛው ክረምት ቀበርኳት። ከአርባዋ በኋላ ዲጂኖ ተውሼ ግድግዳውን ሰበርኩና መስኮት አወጣሁ። አሁን ቤቱ አየር ሞልቶታል። የሚተነፍሰው እኔ ብቻ ነኝ።

ይህን የማወራው እንድታዝኑልኝ አይደለም። ያው ነገር ተመልሶ በበሬ እየገባ ስለሆነ ነው።

ወርቅነሽን ታውቋታላችሁ፤ ከወንዙ ማዶ፣ በቆርቆሮ ከታጠረው ግቢ የምትመጣዋ፣ የሦስት ልጆች እናት። መጀመሪያ ትልቁን ልጇን ሆዱን አመመው፤ የወስፋት መድኃኒት ተሰጠው። ቀጥሎ መካከለኛዋን፤ አሁንም የወስፋት መድኃኒት። ከዚያ የአብስራ፣ የአራት ዓመቱ። በሦስት ወር አምስት ጊዜ ገብቷል። መጀመሪያ ሲመጣ እንደ ወታደር እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ሰላም ይለኝ ነበር። "ጄኔራል!" እለዋለሁ፤ "አቤት!" ይላል።

ፀጉሩ ላይ ግራጫ አቧራ አለ። የእናቱ ነጠላ ላይም አለ። በዚያ ግቢ አሮጌ የመኪና ባትሪ እየሰበሩ እርሳሱን ያቀልጣሉ፤ ጢሱን ከመንገድ ላይ አይቼዋለሁ። የእርሳስ አቧራ ልጅ ይመርዛል ሲባልም ሰምቻለሁ። "ወርቅነሽ፣ ግቢያችሁ ውስጥ ምንድነው የሚሠራው?" አልኳት። "ኧረ ምንም፣ ጋሼ። ደህና ነን።" ከተናገረች አከራይዋ ዕቃዋን ከነልጆቿ እንደሚያወጣው ፊቷ ይናገራል። ሁለት መስኮት ነው የነገረችኝ።

ይህን ልነግራት አንዲቷ ነርሳችን፣ ሲስተር ሰልዋ ጋ ሄድኩ። "ጋሼ፣ እባክዎን፣ ሃምሳ ሰው እየጠበቀኝ ነው። እርስዎ በሩን ይጠብቁልኝ" አለችኝ። ክፉ ቃል አይደለም። እኔ ግን፣ ሽማግሌ ሲናገር እንዲህ ይባላል? ብዬ ሦስት ሳምንት ሙሉ አኮረፍኩ። ስለዚያ ግቢ ትንፍሽ አላልኩም። የአብስራ ከእግሩ ወደ እናቱ ጀርባ የወጣው በዚያ ሦስት ሳምንት ነው። ትናንት ለአምስተኛ ጊዜ ታዝሎ መጣ። "ጄኔራል!" አልኩት። ዓይኑን ገልጦ አየኝ። አላወቀኝም። ወስፋት እንዲህ ያደርጋል? እናንተ ናችሁ የተማራችሁት፤ ንገሩኝ።

በዚያ ግቢ አሥራ አንድ በር አለ። ከስድስቱ በር ሕፃናት ወደዚህ መጥተዋል። የእያንዳንዳቸው ካርድ "ደህና" ይላል። ከሰኞ ጀምሮ በሬ ላይ ሌላ ሰው ይቆማል። ያን አቧራ አያውቀውም።

እንግዲህ ልመርቃችሁ። በየእምነታችሁ ፈጣሪ ይጠብቃችሁ። እጃችሁ የዳሰሰው ይዳን። ልጆቻችሁ በእግራቸው ሮጠው በር ላይ ይቀበሏችሁ። ሰው "ደህና ነኝ" ሲላችሁ አንድ ጊዜ ደግማችሁ የምትጠይቁበትን ጊዜ ይስጣችሁ። እርጅናችሁ እንደኔ ግትር ይሁን፤ ምላሳችሁ ግን እንደኔ አይዘግይ።

ዕዳ አለብኝ፤ ራሴ እከፍለዋለሁ፣ አጋዥ አልፈልግም። ለሲስተር ሰልዋ፦ ስላኮረፍኩ ይቅርታ፣ ልጄ። ወደ ወንበርሽ ተመለሽና ሪፈር ጻፊልኝ፤ ስለ ባትሪው፣ ስለ እርሳሱ ጻፊበት። ለየአብስራ፦ ወረቀቱን ይዤ ዛሬውኑ፣ ከዚህ ወጥቼ፣ ሆስፒታል ድረስ በጀርባዬ አዝለዋለሁ። ለወርቅነሽ፦ ስለ ሁለቱ መስኮቶች እነግራታለሁ። አከራይዋ ካስወጣት የኔ ቤት አለ። አንዲት ክፍል ናት፤ መስኮት ግን አላት። ለሥርጉት፦ ሉቃስ፣ ካርዷን ፈልግልኝ፤ የሞተ ሰው ካርድ ስለሆነ ከታች ይሆናል። እስክሪብቶ ይዣለሁ። "ሁለት መስኮት" የሚለውን በራሴ እጅ ሰርዤ፣ "አልነበረም፤ አጥናፉ ዋሸ" ብዬ ጽፌ እፈርምበታለሁ።