ነጭ ጭጋግ ስለያዘው ሰማያዊ ኮፋኖ የተሰጠ ቃል

የምስክር ስም፦ ሩታ በርናባስ
ዕድሜ፦ 23
አድራሻ፦ ሐዋሳ ከተማ፣ ታቦር ክፍለ ከተማ
ሥራ፦ በኬሚስትሪ የመጀመሪያ ዲግሪ ያላት፣ በመኪና ቀለም ቤት ተለማማጅ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ሐምሌ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3:20
ቃሉን የተቀበለው፦ ምክትል ሳጅን ፍፁም ማርቆስ

ዝናብ ሲኖር የመኪና ቀለም ለምን ይበላሻል ተብዬ ለተጠየቅኩት፣ ቀለሙን የሚያቀጥነው ቲነር ሲተን የተቀባውን ገጽ ያቀዘቅዘዋል፤ አየሩ እርጥብ ከሆነ ጤዛ ያርፍበትና ይነጣል። ይህን ዩኒቨርሲቲ ተምሬዋለሁ። ተምሬው ነው ያጠፋሁት።

ከታኅሣሥ ወር ጀምሮ መናኸሪያ በሚገኘው በአቶ አሰፋ ቀለም ቤት ሥራ እለምዳለሁ። ሐምሌ 14 ቀን የአቶ ይልማ ጥቁር ሰማያዊ ኮሮላ ኮፋኖው ሊቀባ ነበር። ለቅዳሜ፣ ለልጃቸው ምርቃት እንዲደርስላቸው አደራ ብለዋል። ጠዋት እየዘነበ እኔ "ጋሼ፣ እንጀምር እንጂ" እያልኩ ስቁነጠነጥ አቶ አሰፋ "ደመናው ዲግሪሽን አያነብም፤ ቁጭ በይ" አሉኝ። በግምት 6:00 ሰዓት ላይ ፀሐይ ወጣች፤ ቀቡት። ከዚያም "በሩን ክፍት ተዪው፣ ምንም አትንኪ" ብለውኝ ለምሳ ወጡ።

ወዲያው ከጎረቤት እንጨት ቤት ሰጋቱራ መብነን ጀመረ። አቶ አሰፋ በበጋ አቧራው እንዲተኛ ወለሉ ላይ ውሃ ሲረጩ አይቻለሁ። እኔም እንደ እሳቸው ያደረግኩ መስሎኝ ሁለት ባልዲ ውሃ ወለሉ ላይ ረጭቼ በሩን ዘጋሁ። ጎበዝ እንዲሉኝ ነበር። ውጭም ካፊያ ጀመረ።

በ7:00 ሲመለሱ ኮፋኖው ሰው እንደተነፈሰበት መስታወት ነጥቷል። "ማነው ውሃ ያፈሰሰው?" ሲሉኝ "እኔ ነኝ" አልኳቸው። እንድቀመጥ ዱካ ሳቡልኝ። "የበጋውን አይተሽ በክረምት ሠራሽው። ለየትኛው ወር እንደሆነ ያልነገርኩሽ እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው" አሉኝ።

በ10:00 ሰዓት አቶ ይልማ መጥተው "አንተ ሰውዬ፣ ውሃ የገባበት ቀለም ትቀባኛለህ!" ብለው ጮኹ። አቶ አሰፋ ለእሳቸውም ሆነ በኋላ እሳቸው አታለለኝ ብለው ላመጡት ፖሊስ "ጥፋቱ የእኔ ነው" ከማለት በቀር አልተናገሩም። ይህም ጥፋታቸውን እንዳመኑ ተቆጥሮ ሲወሰዱ፣ አቶ ይልማም መኪናቸውን ይዘው ሲሄዱ እኔ እዚያው ቆሜ ነበር።

ለምን ዝም አልሽ ተብዬ ለተጠየቅኩት፣ ፈርቼ ነው። ሰባት ቦታ ለሥራ አመልክቼ "ነገ ነይና ጀምሪ" ያሉኝ አቶ አሰፋ ብቻ ናቸው። ትናንት ጣቢያ ምሳ ሳደርስላቸው የጠየቁኝ "አንቺስ በልተሻል?" ብለው ነው። ከዚያ በኋላ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ቀለሙ ውስጥ ውሃ አልገባም፤ የቀረው ጣሳው ውስጥ ስላለ ይመርመር። ጭጋጉ በደረቅ ቀን ቲነር በስሱ ሲነፋበት ሊጠፋ ይችላል፤ እምቢ ካለ በአሸዋ ወረቀት ፍቀን እንደገና እንቀባዋለን።

ከላይ ያለው ተነቦልኝ፣ ሳልገደድ የተናገርኩትና እውነት መሆኑን አረጋግጫለሁ። አቶ ይልማም ይነበብላቸው። ዛሬ ሰማዩ ጠርቷል። ክሳቸውን ትተው መኪናውን ያምጡልንና እኔና አቶ አሰፋ ስንሠራ አጠገባችን ቆመው ይዩን። እሺ ወይም እምቢ ይበሉኝ፤ መልሳቸውን እስክሰማ ከጣቢያው በር አልሄድም።

የምስክር ፊርማ፦ ሩታ በርናባስ
ቃሉን የተቀበለው ፊርማ፦ ም/ሳጅን ፍፁም ማርቆስ