«ሞቼም ቢሆን አልጎተትም» ያለው ዴቫሲ

የተከበሩ አባ ስካሪያ፤ የተከበራችሁ የደብራችን ሽማግሌዎች፤ የተከበሩ እትዬ ታንዳማ፤ በጀልባ፣ በታንኳና በሰው ጀርባ ውሃውን ተሻግራችሁ የመጣችሁ ወገኖቼ፤

ስለ ወንድማችን ስለ ዴቫሲ አንድ ቃል ከመተንፈሴ በፊት፣ በታላቅ ሐዘን የማስታውቃችሁ ጉዳይ አለ። ዛሬ ረፋዱ ላይ፣ እዚሁ ቬምባናድ ሐይቅ መሐል፣ ቁጥር አሥራ ሦስት መፍቻ ከሰው እጅ አምልጦ ሰጥሟል። ፍለጋው አልተሳካም። መፍቻው ዕድሜውን ሙሉ በቅንነት ያገለገለ፣ የአንድ ቡሎን ጥርስ እንኳ በልቶ የማያውቅ፣ ጠባየ መልካም ነበር። ወንድሞቹ ቁጥር አሥራ ሁለትና ቁጥር አሥራ አራት በመሣሪያ ሣጥኑ ውስጥ መሐላቸውን ክፍት ትተው ተቀምጠዋል። ከማን እጅ እንዳመለጠ አልናገርም። ጢማም ሰው ነው። ቀሚስ ለብሷል። አሁን የጸሎት መጽሐፉን እያገላበጠ ያልሰማ መስሏል። ከዚህ በላይ አልሄድም።

አትሳቁ። ልቅሶ ላይ ነን። እሺ፣ በጥርሳችሁ ሳይሆን በሆዳችሁ ሳቁ።

ዴቫሲን የማያውቅ አለ? እስቲ እጁን ያውጣ። የለም። የዴቫሲ እጅ ግራሶ ያልቀባው ነጭ ልብስ ያለውስ? እሱም የለም። የእኔን የክርስትና አባትነት ልብስ፣ ልጁን እንዳቀፍኩ፣ በአምስት ጣቱ አትሞበታል። እስከ ዛሬ አልለቀቀም። ዛሬ ደግሞ እንዳይለቅ እፈልጋለሁ።

የዴቫሲን የእንግዳ ጀልባ፣ «የሐይቅ ሙሽራ»ን፣ ታውቋታላችሁ። ያቻትና መቆሚያው ላይ። የቀርከሃ ጣሪያ፣ ሁለት መኝታ ክፍል፣ እንግዶች እግራቸውን ዘርግተው ሐይቁን የሚያዩባት በረንዳ። ከወለሉ በታች ደግሞ ያ የናፍጣ ሞተር። ከላይ ሙሽሮች ይሳሳማሉ፤ ከታች ሞተሩ ያስላል። ዴቫሲ ሁለቱንም እኩል ያስታምም ነበር።

«ለመሆኑ መካኒክ ነበር ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። እባካችሁ። በመቃብር አፋፍ እንዲህ ያለ ጥያቄ አይጠየቅም። ሞተር ይወድ ነበር። ዘይቱን ከጊዜው አያሳልፍም። ፊልትሮውን ይቀይራል። ቺንጊያውን እንደ ክራር ክር በጣቱ እየነካ ያዳምጣል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ግን መውደድ ሌላ፣ ማወቅ ሌላ፤ ያገባችሁ ሰዎች ታውቁታላችሁ።

ለዴቫሲ በዚህ ዓለም ያለው በሽታ አንድ ብቻ ነበር። አየር። ሞተሩ አልነሳ አለ? «የናፍጣው መስመር አየር ገብቶበታል።» ጋለ? «አየር ገብቶበታል።» ነጭ ጨሰ፣ ጥቁር ጨሰ፣ ተንቀጠቀጠ? «አልኳችሁ፤ አየር ነው።» እኔን ጉልበቴን ሲያመኝ እንኳ አየር ነው ብሎኛል። ከዚያ ጎንበስ ይልና የናፍጣውን ቡሎን ያላላል። የእጅ ፓምፑን ይጨቁናል። አረፋ ይወጣል። «ይኸው! አላልኩም?» አንድ ቀን፣ «ዴቫሲ፣ አየሩ የሚገባው አንተ ቡሎኑን ስታላላው አይደል እንዴ?» አልኩት። ካቻቢቴው በጆሮዬ ሥር እያፏጨ አለፈ።

አሁን ወደ ክብሩ ጉዳይ ልምጣ።

በእኛ ሐይቅ ሰው ሰክሮ ይቅር ይባላል። ዋሽቶ ይቅር ይባላል። ጀልባው ተበላሽታ፣ በሌላ ሰው ጀልባ ተጎትታ የገባችበት ነጂ ግን፣ ሌላ ተጎታች እስኪተካው ድረስ ስሙ «ጥጃ» ነው። በገመድ ተስቦ መጥቷልና። መሸታ ቤት ሲገባ «ጥጃው መጣ፤ ሣር አቅርቡለት» ይባላል። ሚስቱ ዓሣ ልትገዛ ስትወጣ «ጥጃሽ ጡት ተወ ወይ?» ትባላለች። ዴቫሲ አንድ ጊዜ ተጎትቷል። የጎተተው አንትራዮስ ነው። አንትራዮስ፣ ቀና በል፤ ስለ አንተ ነው የማወራው። በዚያ ክረምት ደግሞ፣ የእግዜር ነገር፣ ሌላ አንድም ጀልባ አልተበላሸም። ዴቫሲ ክረምቱን ሙሉ ጥጃ ሆኖ ከረመ። ሲያበቃ፣ ከቅዳሴ ስንወጣ፣ እዚህ ደጃፍ ላይ ቆሞ ማለ። «ከእንግዲህ ሞቼም ቢሆን አልጎተትም!» አለ። አንትራዮስም ሰማ። «እናያለና!» አለ።

ቃሉን ጠበቀ ወይ? ከዴልሂ የመጡትን ሙሽሮች አስታውሱ። ሞተሩ ሐይቁ መሐል ጋለ። የማቀዝቀዣው ውሃ የሚሳብበት ቀዳዳ በእምቦጭ ተወትፏል። ይህን በዚያ የሚዋኝ ዳክዬ ሁሉ ያውቃል። ዴቫሲ ግን አየር እያስወጣ ነው። አንትራዮስ በጀልባው ይዞረዋል፣ ይዞረዋል።

«ዴቫሲ፣ ገመድ ላቀብልህ?»

«ለሽርጥህ መታጠቂያ አድርገው!»

«እንግዶቹ እኮ ምሳ አልበሉም።»

«የእኔ እንግዶች ስፖርት ይወዳሉ!»

ወዲያው ለሙሽራው አንድ ረጅም ቀርከሃ ሰጠው። ለሙሽራዪቱ ሌላ። እሷ በሂና ባጌጠ እጇ፣ እሱ በሐር ሸሚዙ፣ ያቺን የምታህል ጀልባ ቀርከሃ እየተከሉ ገፏት። ዴቫሲ መሪውን ይዞ ስለ አእዋፍ ያስረዳቸዋል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ደረሱ። ሙሽራው ከጀልባዋ ሲወርድ ጣቱ አልዘረጋ ብሎታል። «በትዳር የመጀመሪያ ሳምንት አብሮ መግፋት የቻለ ሰው መጨረሻው ያምራል» ብሎ ዴቫሲ መረቀው። ኋላ ወንድ ልጅ መውለዳቸው ተሰማ። ስሙን ማን እንዳሉት የነገረን የለም። ዴቫሲ ግን «በእኔ ስም ነው» ብሎ ለሰው ሁሉ አውርቷል።

የግድቡንስ ነገር ማን ይረሳል? በሩ በሚዘጋበት ወራት ከግድቡ ወዲህ ያለው ውሃ ሩዛችንን የምናጠጣው ጣፋጭ ውሃ ነው። ከወዲያ ያለው ከባሕር የገባ፣ ጨው ነው። ከወዲያ ሌላም ነገር አለ፤ እትዬ ታንዳማ ባላቸውን ዴቫሲን እንዳይረግጠው ያስማሉት መሸታ ቤት። አንድ ማለዳ የሞተሩ ዘይት የኮኮናት ወተት መስሎ ተገኘ። ውሃ ገብቶበታል። ሰው ተሰበሰበ። ዴቫሲ የዘይት መለኪያ ዘንጉን መዘዘ። በጣቱ ነካ። ላሰ። ዓይኑን ጨፈነ፣ እንደ ሊቅ።

«ውሃ ነው» አለ። «ጨው አለው። ከግድቡ ማዶ የገባ ነው። ትናንት የገባ።»

ጉድ አልን። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አየር አላለም! በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ልክ ነው!

ከኋላችን የእትዬ ታንዳማ ድምፅ መጣ። «ትናንት ከግድቡ ማዶ ምን ትሠራ ነበር?»

ዴቫሲ ጣቱን እንደገና ላሰ። አጣጣመ።

«ተሳስቻለሁ» አለ። «አየር ነው።»

ከዚያ ሐሙስ መጣ። ወገኖቼ፣ ሞተር ሊቆም ሲል ያስጠነቅቃል። ይጨሳል፣ ይንኳኳል፣ ይንገጫገጫል። የዴቫሲ ልብ ምንም አላለም። ዘይት ሊቀይር እንዳጎነበሰ ቆመ። ጭስ የለ፣ ድምፅ የለ። ደርሼ አጠገቡ ተንበረከክሁ። መሣሪያው ሁሉ ነበር። የቱን ልፍታ? የቱን ላጥብቅ?

እትዬ ታንዳማ አላለቀሱም። ሁላችሁም አይታችኋል። እንባ ጠብቃችሁ አጣችሁ። «በጀልባው ይሄዳል። በገዛ ሞተሩ። ማንም አይጎትተውም» ብቻ አሉ።

የሐዘን ኮሚቴያችን ሥራውን ጀመረ። ኮሚቴያችን ሥራ ከጀመረ ደግሞ አያቆምም። ጀልባዋን ጥቁር አለበሳት። ጣሪያዋን ጥቁር። ምሰሶዎቿን ጥቁር። መሪዋን ጥቁር። ሲያበቃ ከአባላቱ አንዱ፣ «ከሟች ጋር ከማንም በላይ ዘመኑን ያሳለፈውስ ለምን ይቀራል?» ብሎ ጠየቀ። ሞተሩን ማለቱ ነው። ጥያቄው በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ወለሉ ተከፈተ። ሞተሩ ማቅ ለበሰ።

ተነሣን። ሣጥኑ በረንዳው ላይ፣ አባ ከሣጥኑ ራስጌ፣ እኛ ዙሪያውን። ሐይቁ መሐል ስንደርስ ሞተሩ ማሳል ጀመረ። ከዚያ ጥቁር ጭስ። ወፍራም፣ ከሰል የመሰለ ጥቁር ጭስ። በዳር የቆሙት ሰዎች የሥርዓቱ አካል መስሏቸው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከዚያ ቆመ።

ከዚያ ሁላችንም፣ አንድ ሰው ሳይቀር፣ ምን ያልን ይመስላችኋል?

«አየር ገብቶበታል!»

ምን እናድርግ? ያስተማረን እሱ ነው። አንዱ ቡሎን ያላላል። አንዱ ፓምፕ ይጨቁናል። አረፋ ይወጣል፤ «ይኸው!» እንላለን። ማስነሻው ሞተሪኖ ያቃስታል፤ ሞተሩ አይነሳም። እንደገና እናላላለን። ናፍጣው እንደ ምንጭ ይፈሳል። አባ ሳይቀሩ እጅጌያቸውን ሰብስበው ገቡ። መፍቻ ይዘው። የመፍቻው ነገር አልቋል፤ አልመለስበትም።

ፀሐዩ በረታ። ያን ጊዜ የአንትራዮስ ጀልባ ቀስ ብላ መጣች። እየዞረች አይደለም። ቀጥ ብላ።

«እትዬ ታንዳማ» አለ። «ፀሐይ ነው። ሬሳ ነው። ገመድ ልስጥ?»

«ባሌን በቀብሩ ቀን ጥጃ ልታደርገው?»

«ኧረ እትዬ! የሞተን ሰው ማን ጥጃ ይላል?»

«አንተ።»

አንትራዮስ አሰበ። እውነተኛ ሰው ነው። «አዎ፣» አለ፣ «አንድ ቀን ሞቅ ሲለኝ እል ይሆናል።»

እትዬ ታንዳማ ብድግ አሉ። ወደ ሞተሩ ወረዱ። ያን ጥቁር ጨርቅ አዩት። ደማቸው ፈላ።

«አንተ ደግሞ ምን ሆንኩ ብለህ ነው ማቅ የለበስከው?» አሉት ሞተሩን። «ከእኔ ጎን እያስነሳህ ስትጠራው የኖርክ! በዓመት በዓል ምሳ እንኳ አብሮኝ እንዳይቀመጥ ያደረግህ! ሐዘኑ የእኔ ነው! አውልቅ!»

ጨርቁን ያዙት። አልለቅ አለ። ሳቡት። አሁንም አልለቅ አለ። እግራቸውን ሞተሩ ላይ ተክለው ሳቡት። ከአየር መሳቢያው አፍ፣ የተጨማደደ፣ በጉሮሮ የተዋጠ ያህል ረጅም ጥቁር ጨርቅ፣ ጧ ብሎ ወጣ።

ወገኖቼ! ዕድሜ ልኩን «አየር ገባ» ሲል የኖረ ሰው፣ በቀብሩ ቀን ሞተሩ አየር አጥቶ ቆመ! ኮሚቴያችን በሐዘን አንቆት!

ሞተሪኖው አቃሰተ። ዱግ። ዝም። ዱግ… ዱግ። ከዚያ ዱግ ዱግ ዱግ ዱግ! እትዬ ታንዳማ ያንን ድምፅ ሲሰሙ ጨርቁን ፊታቸው ላይ አደረጉ። ከሐሙስ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሱ። እኛም ተከተልናቸው። አልቅሰን አልጠገብንም፤ ሞተሩም አልቆመም።

እናም ዴቫሲ ቃሉን ጠበቀ። በገዛ ጀልባው፣ በገዛ ሞተሩ፣ በማንም ሳይጎተት፣ እዚህ መቆሚያ ድረስ መጣ። ይህን ለልጆቻችሁ ንገሩ።

ዴቫሲ፣ ወንድሜ። እንግዲህ እረፍ። የምትሄድበት አገር ሞተር የለም ይላሉ። እውነት ከሆነ እግዜር ያጽናህ። ካለ ግን፣ ሲቆም፣ በመጀመሪያ ውሃ የሚስብበትን ቀዳዳ እይ። ቀጥለህ አየር የሚስብበትን። ቡሎኑን መጨረሻ ላይ ፍታ። አሁን አንተን የሚሰማህ ከኛ የሚበልጥ ነው፤ አየር ነው አትበለው። ደህና ሁን፣ ጓዴ። በኋላ ሁላችንም እንመጣለን፤ ያኔ መቆሚያው ላይ ቆመህ እጅህን ዘርጋልን። ግራሶም ቢኖረው ግድ የለም።

…ምን አሉኝ አባ? አዎ። እሺ። እሺ፣ እናገራለሁ።

ማረሚያ። አባ ስካሪያ በመቃብር አፋፍ ያልተጣራ ነገር አይነገርም ስላሉ፣ ቀደም ሲል «ጀልባዋ እዚህ መቆሚያ ድረስ በገዛ ሞተሯ መጣች» ተብሎ የተነገረው እንደሚከተለው ታርሟል። ለቀስተኞች አየር ሲያስወጡ ናፍጣውንም አብረው ያስወጡት ስለነበር፣ መቆሚያው ፊት ለፊት ሲታይ የናፍጣው ጋን ባዶ ሆኗል። ቀሪውን መንገድ «የሐይቅ ሙሽራ»ን የአንትራዮስ ጀልባ በአፍንጫዋ ከኋላ ገፍታታለች። ገመድ አልተጣለም፤ አልታሰረም። ጉዳዩን እዚያው የመረመሩት እትዬ ታንዳማ፣ መገፋት መጎተት እንዳልሆነ፣ ጥጃም ከኋላ ሲገፋ ታይቶ እንደማያውቅ ወስነዋል። ውሳኔው ለአንትራዮስ ተነቦለታል። ይግባኝ ይል እንደሆነ ተጠይቆ፣ ራሱን ዝቅ በማድረግ ተስማምቷል።