ያልተመሰገነበት እሸት

ጥቅምት፣ ከሰዓት በኋላ፤ በክረምቱ ባሏ ዘገየ የሞተባት ማዘንጊያ አንድ እቅፍ የባቄላ እሸት ይዛ፣ ማሳው ከማሳዋ በሚዋሰነው በሽማግሌው ወልደየስ ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች፤ እሱም ማጭዱን እየሳለ ቀና ብሎ ላያያት ቆርጧል።

ወልደየስ፦ አልቀምስም አልኩሽ እኮ፤ ዛሬ ዓርብ ነው።

ማዘንጊያ፦ ዛሬ ሐሙስ ነው፣ ጋሼ።

ወልደየስ፦ ሐሙስ?

ማዘንጊያ፦ ትናንት ረቡዕ ነበር።

ወልደየስ፦ እንግዲያው የረቡዑ ጾም አልለቀቀኝም ይሆናል። በዚያ ላይ ወሩ ጽጌ ነው። ጽጌን እጾማለሁ።

ማዘንጊያ፦ ባቄላ ከመቼ ወዲህ ነው ጾም የሚያስገድፈው?

ወልደየስ፦ አያስገድፍም። ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል በአፌ አይዞርም።

ማዘንጊያ፦ የአጥርዎ ጥላ መንገዱ ላይ ወድቋል። ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ ቆየ።

ወልደየስ፦ ጥርስ ደግሞ የለኝም።

ማዘንጊያ፦ በዘገየ ተዝካር ቆሎ ሲቆረጥሙ አይቼዎታለሁ። የገብስ ቆሎ።

ወልደየስ፦ ያኔ ነበረኝ።

ማዘንጊያ፦ እሺ፣ አያኝኩት። ይያዙትና ምስጋናውን ያድርሱልኝ፤ አንዲት ፍሬ አፍዎ ውስጥ ያስቀምጡ፤ እኔ ወደ ቤቴ ልሂድ።

ወልደየስ፦ ለምን እኔ?

ማዘንጊያ፦ ወጉን እኔ ልንገርዎ?

ወልደየስ፦ ንገሪኝ። አርጅቻለሁ፣ እረሳለሁ።

ማዘንጊያ፦ እሸት ሳይመሰገንበት ከቤት አይገባም። መጀመሪያ ቀምሶ የሚያመሰግነው የቤቱ አባወራ ነው። አባወራ ከሌለ ድንበርተኛው ነው። ይህን ለእኔ የነገሩኝ እርስዎ ነዎት፤ ገና ሙሽራ ሆኜ እዚህ መንደር የገባሁ ጊዜ።

ወልደየስ፦ ብዙ የማወራ ሰው ነበርኩ።

ማዘንጊያ፦ አሁን ነው ዝም ያሉት።

ወልደየስ፦ ቄስ ምሕረቱ አሉልሽ አይደል? ከእኔ እሳቸው ይሻላሉ። ድምፃቸውም ያምራል።

ማዘንጊያ፦ ሄጄ ነበር። የቤተ ክርስቲያኑን ድርሻ ተቀብለው መረቁኝ። የማሳውን ግን ድንበርተኛሽ ያድርስልሽ፣ እኔ የሰው ወግ አልነጥቅም አሉ። ቀጥለውም ወልደየስ እምቢ ካለ ምን እንዳለ መጥተሽ ንገሪኝ ብለዋል።

ወልደየስ፦ ምን ሊያደርጉት?

ማዘንጊያ፦ እንጃ። መስማት ይወዳሉ።

ወልደየስ፦ ልጄ ከተማ ነው ያለው፣ ታውቂያለሽ። እሱ ቤት በየካቲት የበቆሎ እሸት በላሁ። በየካቲት። አንድም ሰው ተነስቶ አላመሰገነም። ማንም አልታመመም፣ ቤቱም አልፈረሰም። ዝም ብለሽ ብዪ።

ማዘንጊያ፦ ጣመዎት?

ወልደየስ፦ ምኑ?

ማዘንጊያ፦ የየካቲቱ በቆሎ።

ወልደየስ፦ አልጣመኝም።

ማዘንጊያ፦ ለምን?

ወልደየስ፦ ማን ያውቃል። ያልጓጉለት ነገር ነው። ልጄ ዓመቱን ሙሉ ይገኛል አለኝ። ዓመቱን ሙሉ ከተገኘ እንግዲህ ምኑን ትጠብቂዋለሽ።

ማዘንጊያ፦ እኛ ስንጠብቀው ከረምን። ይዩት እስቲ፤ የባቄላው ዓይን መጥቆር ጀምሯል። ትንሽ ቢቆይ ጥሬውን የሚበላ አይሆንም፣ ለንፍሮ ነው። ከዚያ ወዲያ ለክክ ነው።

ወልደየስ፦ ክክ ምን አለው? ክክ ደግ ነገር ነው።

ማዘንጊያ፦ ደግ ነው። ግን ምስጋናው ካልደረሰ አማቴ ክኩንም አያስበሉም።

ወልደየስ፦ እትዬ ሙሉሸዋ አሁንም በሩ ላይ ናቸው?

ማዘንጊያ፦ በሩ ላይ ናቸው። ዓይናቸው ማየት ካቆመ ቆየ፤ አፍንጫቸው ግን የሁለቱንም ሥራ ይሠራል። ልጆቹ ከውጭ በገቡ ቁጥር ቁጭ አድርገው አፋቸውን ያሸታሉ።

ወልደየስ፦ አፋቸውን?

ማዘንጊያ፦ ጥሬ ባቄላ የበላ አፍ ይሸታል። ትናንት ትንሿ ልጄ በብልጠቷ ነጭ ሽንኩርት አኝካ ገባች።

ወልደየስ፦ አያቷን ወጥታለች።

ማዘንጊያ፦ አልጠቀማትም። አያቷ አሸተቷትና «ነጭ ሽንኩርት፣ ከሥሩ ባቄላ» አሉ። ሳትውጠው አስተፍተው አጉመጠመጧት።

ወልደየስ፦ ዕድሜያቸውን ያርዝመው።

ማዘንጊያ፦ እንዴት ይረዝማል? እህል እምቢ ብለዋል እኮ። ያለፈው ዓመት እህል ጎተራው ሥር ደርሷል፤ ያለችዋን ለልጆቹ ስጪ ይሉኛል። አዲሱ አለ ስላቸው፣ የልጄ ማሳ ያለ ምስጋና አይበላም ይላሉ። ፀሐይ በወጣ ቁጥር እየከሱ ነው። ልጃቸውን ከቀበርኩ ወዲህ እሳቸውን ደግሞ መቅበር አልችልም፣ ጋሼ። አቅም የለኝም።

ወልደየስ፦ እህል እምቢ ማለታቸውን አልሰማሁም።

ማዘንጊያ፦ ከእኛ ቤት ወሬ የሚያመጣልዎት ዘገየ ነበር።

ወልደየስ፦ ዘገየማ እኔን ማናገር ካቆመ ቆየ። እኔም አቆምኩ። በዚያች የድንበር ድንጋይ ሰበብ። ወደ እኔ ገፋሃት አልኩት፤ አንተ ነህ የገፋሃት አለኝ። ከዚያ በኋላ ሁለት ጎልማሳ ሰዎች ጎን ለጎን እያረስን እንደማይተዋወቅ ሰው ተላለፍን። ሳንታረቅ ሞተ። ይኸው ነው። ካልታረቅኩት ሰው ማሳ ላይ ቆሜ ምን ብዬ ነው የማመሰግነው? ያሳፍራል እኮ።

ማዘንጊያ፦ ሬሳውን ተሸክመዋል።

ወልደየስ፦ ቁመቴ ከሌሎቹ ጋር ስለሚመጣጠን ነው።

ማዘንጊያ፦ እስከ ቤተ ክርስቲያን ድረስ ተካኝ ሳይሉ ተሸክመዋል።

ወልደየስ፦ ማን ይተካኛል? ሁሉም አጭር ነው።

ማዘንጊያ፦ ድንጋይዋስ?

ወልደየስ፦ የቷ ድንጋይ?

ማዘንጊያ፦ ያችው የተኳረፋችሁባት። ከቀብሩ ማግስት ወደ ማሳዬ ስወርድ፣ ከቦታዋ ተነስታ ወደ እርስዎ ማሳ ገብታ አገኘኋት። ዘገየ ይገባኛል ካለውም አልፋ።

ወልደየስ፦ የክረምት ጎርፍ ነው።

ማዘንጊያ፦ ከእኔ ማሳ ወደ እርስዎ ዳገት ነው።

ወልደየስ፦ ኃይለኛ ጎርፍ ነበር።

ማዘንጊያ፦ ሣሩንም ጎርፉ ነው ያጨደው?

ወልደየስ፦ የምን ሣር?

ማዘንጊያ፦ በድንበሩ በኩል ያለው ሣርና አረም። እኔ ጉልበቱም ጊዜውም አልነበረኝም፤ ባቄላዬን ይውጠዋል ብዬ ተስፋ ቆርጬ ነበር። አንድ ጠዋት ስሄድ ታጭዷል። ደግሞ ስሄድ አጨዳው ወደ መሀል ገብቷል።

ወልደየስ፦ ፍየል ይሆናል። የሰፈሩ ፍየል ልቅ ነው።

ማዘንጊያ፦ ሣሩ ታስሮ ተከምሯል፣ ጋሼ።

ወልደየስ፦ እረኞች ይሆናሉ።

ማዘንጊያ፦ የታሰረውም በባቄላ አገዳ ነው። በዚህ መንደር ሣር በአገዳ የሚያስር አንድ ሰው ነው ያለው፤ ሌላው በራሱ በሣሩ ነው የሚያስረው። ማጭድዎም አሁን ድረስ አረንጓዴ ነው። ሲስሉት እያየሁ ነው።

ወልደየስ፦ ታዲያ ምን ላድርግ? አረሙ ወደ እኔ ማሳ ይዘራ?

ማዘንጊያ፦ ምንም አላልኩም። እግዜር ይስጥልኝ ልልዎት ነበር፤ እስከ ዛሬ አልመች አሉኝ። ሳይዎት ይሸሻሉ። ቅዳሜ ገበያ ላይ ዓይን ለዓይን ተጋጨንና በርበሬ ተራ ውስጥ ገቡ። እርስዎ በርበሬ አይበሉም።

ወልደየስ፦ ዋጋ ልጠይቅ ነው።

ማዘንጊያ፦ እያስነጠሰዎት?

ወልደየስ፦ ማዘንጊያ፣ ተይኝ። ሌላ ሰው ፈልጊ። ከታች በኩል የሚያዋስንሽም አለ አይደል።

ማዘንጊያ፦ ከታች በኩል ገደል ነው።

ወልደየስ፦ እኔ አልሆንም።

ማዘንጊያ፦ ስለ ኩርፊያው ከሆነ፣ እኔ ሚስቱ ነኝ፤ እኔ ይቅር ብያለሁ። እናቱም ይቅር ብለዋል። ወልደየስ ይምጣ ያሉት እሳቸው ናቸው። ሌላ የተኳረፈዎት ሰው አለ?

ወልደየስ፦ ስለ ኩርፊያው አይደለም።

ማዘንጊያ፦ ጾሙም አይደለም። ጥርሱም አይደለም።

ወልደየስ፦ አይደለም።

ማዘንጊያ፦ እና?

ወልደየስ፦ መጀመሪያ የሚቀምስ ሰው ነው ያልሽው አይደል። መጀመሪያ።

ማዘንጊያ፦ አዎ።

ወልደየስ፦ እኔ ቀምሻለሁ።

ማዘንጊያ፦ ምን?

ወልደየስ፦ ባቄላሽን። ዛሬ ጠዋት። ሣሩን ሳጭድ ፀሐይ በረታብኝና ቀና ስል እፊቴ አንድ ዘለላ ተንጠልጥሏል። እጄ ነው የቀጠፈው፤ እኔ አላዘዝኩትም። በልቼ ከጨረስኩ በኋላ ነው ምን እንዳደረግኩ የገባኝ። ስድሳ ምናምን ዓመት ወጉን ለሰው ሳስተምር ኖሬ፣ የሟች ቤት እሸት ሳልጠራ በላሁ። አንቺ ደግሞ በዚያው ቀን እቅፍ ሙሉ ይዘሽ መጣሽ። ምን ልበልሽ? ዓርብ ነው አልኩሽ።

ማዘንጊያ፦ ዛሬ ጠዋት።

ወልደየስ፦ ዛሬ ጠዋት።

ማዘንጊያ፦ ጽጌን እየጾሙ?

ወልደየስ፦ ጽጌን ጾሜ አላውቅም።

ማዘንጊያ፦ እንዲያው ዝም ብለው ጎረሱት?

ወልደየስ፦ እንዴት ዝም ብዬ እጎርሳለሁ? የልማድ ነገር ነው፤ ገና ስፈለፍለው አፌ በራሱ ጀመረ።

ማዘንጊያ፦ ምን አሉ?

ወልደየስ፦ ያው የሚባለውን ነዋ።

ማዘንጊያ፦ ይንገሩኝ። አርጅቻለሁ፣ እረሳለሁ።

ወልደየስ፦ «ክረምቱን አሻግረህ ለዚህ እሸት ያበቃኸን ተመስገን። ካለን ላይ ያጎደልክብንም አንተ ነህ፣ የተረፈንንም የሰጠኸን አንተ ነህ» አልኩ። እዚህ ድረስ ደህና ነበር።

ማዘንጊያ፦ ከዚያስ?

ወልደየስ፦ ከዚያማ የባለማሳው ቤት ይጠራል አይደል። «የዘገየን ቤት ጠብቅ፣ ለከርሞም እሱንና እኔን በዚህ ድንበር ላይ አገናኘን» አልኩ። ከድሮ ጀምሮ የምለው ነው፤ ያኔ ስንፋቀር። ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው መሞቱ ትዝ ያለኝ።

ማዘንጊያ፦ በልብዎ ነው ያሉት?

ወልደየስ፦ ጮክ ብዬ ነው። ዘገየ ጆሮው ከባድ አልነበር? በእሱ ማሳ ላይ ሳመሰግን መጮህ ለምጃለሁ። ቁራዎቹ ሁሉ ተነሱ።

ማዘንጊያ፦ «የዘገየን ቤት ጠብቅ» አሉ።

ወልደየስ፦ ምን ታለቅሻለሽ? እክስሻለሁ። ከማሳዬ የፈለግሽውን ያህል ቅጠፊ።

ማዘንጊያ፦ ድንበርተኛው ማሳው ላይ ቆሞ፣ ከማንም በፊት ቀምሶ፣ የቤቱን ስም ጠርቶ አመሰገነ። ምን ቀረ?

ወልደየስ፦ ሳልጠራ ነው እኮ።

ማዘንጊያ፦ ለአረሙስ ማን ጠራዎት? ይነሱ፤ ማጭዱን ያስቀምጡትና እንሂድ።

ወልደየስ፦ እኔ ደግሞ ምን ልሠራ? ደርሷል በያቸው።

ማዘንጊያ፦ እኔን አያምኑም። አፍዎን ማሽተት አለባቸው።

ወልደየስ፦ የእኔን አፍ? አንቺ ስትመጪ አይቼ ተጉመጥምጫለሁ። ሁለቴ።

ማዘንጊያ፦ እንግዲያው እንኩ፣ ይቺን እየበሉ ይምጡ፤ ሴትዮዋ ርቧቸዋል።